ካፉሺ የሚባል ጅረት የለም

ማክሰኞ፣ ጁን 4

ብርድ። ጎመኑን ውሃ አጠጣሁ። ጋዜጣው ላይ ሦስት የፊደል ስህተት አገኘሁ፤ አረምኩ። ጡረታ ከወጣሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፣ የአሮጊት አስተማሪ ልማዴ ግን አልለቀቀኝም።

ከሰዓት ጌርሾም ካሉባ መጣ። በማዕድን ኩባንያው ነጭ መኪና። እኔው ያስተማርኩት ልጅ። አሥር ዓመት ፓርላማ ተቀምጦ ኩባንያውን ሲወቅስ ኖረ። ወንበሩን በለቀቀ በአራተኛው ወር የዚያው ኩባንያ «የመንግሥት ግንኙነት አማካሪ» ሆነ። በምትኩ የመረጥነው ክቡር ካቶንጎ ደግሞ ከምርጫው በፊት የኩባንያው ሠራተኛ ነበር። አንዱ ሲወጣ አንዱ ገባ። በሩ መቼ ይዘጋል?

«ቲቸር፣ አላረጁም እኮ!»

«አንተ ግን ወፍረሃል።»

ሳቀ። ኩባንያው ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሊሠራ ነው አለኝ። በስሜ።

«ከእኔስ ምን ይፈለጋል?»

«ምንም። የሳምንት ሐሙስ የፓርላማ ኮሚቴ ሕዝብ ለማነጋገር ይመጣል። እርስዎ ዝም ካሉ ሰፈሩም ዝም ይላል።»

በስሜ ቤተ መጻሕፍት... ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

እሁድ፣ ጁን 9

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የሙሌንጋ እናት ወረቀት አወጣች። ጎረቤቴ ናት፤ ከጅረቱ አጠገብ ጎመን እየተከለች ነው አራት ልጅ የምታሳድገው። ኮሚቴው የሚመጣበት ረቂቅ ሕግ ነው።

«ያንብቡልኝ ቲቸር፣ እንግሊዝኛው አንቆኛል።»

አነበብኩላት። እስካሁን የማዕድን ዝቃጭ ከጅረት ሁለት መቶ ሜትር መራቅ አለበት። አዲሱ ሠላሳ ይበቃል ይላል። የእሷ መደብ፣ የእኔ ጉድጓድ፣ የሰፈሩ ውሃ በሙሉ እዚያ መሃል ነው ያለው።

«ማነው የጻፈው?» አልኳት።

«ክቡር ካቶንጎ። ሕዝቡ ነው የጠየቀኝ ይላል።»

«አንቺ ጠይቀሻል?»

«እኔ የጠየቅሁት መብራት ነው!»

ሰኞ፣ ጁን 10

ረቂቁን እንደገና አነበብኩት። ከኋላ ርቀቱ የሚቀንስባቸው ጅረቶች ተዘርዝረዋል። አራተኛው መስመር፦ ካፉሺ።

ካፉሺ የሚባል ጅረት የለም። የእኛ ጅረት ካሹፊ ነው። ሽማግሌዎቹም የመንግሥት ካርታውም ካሹፊ ነው የሚሉት።

ካፉሺን ግን አውቀዋለሁ... የፈጠርኩት እኔ ነኝ።

1988። ለክፍሉ ግድግዳ ካርታ ስሠራ ፊደሎቹን አገላበጥኩ። በእርሳስ ጻፍኩ፣ አንድ ተማሪ በቀለም አደመቀው። ስህተቱን ያየሁት ልጆቹ ትምህርት ቤቱን ከለቀቁ በኋላ ነው። ፍቄ አስተካከልኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

የዚያን ዓመት የስም መዝገብ ከሳጥን አወጣሁ። አርባ አንድ ተማሪ። አንድ በአንድ ሄድኩባቸው። አሥራ ሰባቱ ሞተዋል። ዘጠኙ አገር ለቀዋል። አሥራ አራቱ እዚሁ ናቸው፤ ያርሳሉ፣ ይነግዳሉ፣ መኪና ይነዳሉ። ሕግ ማርቀቅ የሚያውቅ አንድ ቀረ። ስሙን በቀለም ያደመቀውም እሱ ነበር።

ጌርሾም።

ረቡዕ፣ ጁን 12

ደወለ። ነገን እንዳልረሳ ሊያስታውሰኝ።

«አንድ ጥያቄ» አልኩት። «የጅረታችን ስም ማነው?»

«ካፉሺ ነዋ! እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ?»

ነገርኩት።

«ይህን በሰው ፊት ሊናገሩ ነው? እርስዎ? በአንድ ፊደል ስንቱን የገረፉ?»

አዎ፣ ገርፌያለሁ። ይህን ስሰማ ተቀመጥኩ።

«ቤተ መጻሕፍቱስ?» አለኝ።

«ስሜን በትክክል መጻፍህን እጠራጠራለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

እንቅልፍ እምቢ አለ። የምፈራው እሱን ነው ወይስ ያቺን ካርታ?

ሐሙስ፣ ጁን 13

አዳራሹ ሞልቷል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ቆፍጣና ሴት ናቸው።

«ይህን ረቂቅ ማን ጻፈው? የኩባንያ እጅ ካለበት አሁኑኑ ይነገረን።»

ካቶንጎ ተነሳ። «በቢሮዬ፣ ከሕዝቤ ጋር ቁጭ ብዬ የጻፍኩት ነው።»

እጄን አወጣሁ። ቆምኩ።

«ክቡር ካቶንጎ፣ ካፉሺ የት ነው?»

«እዚሁ ነዋ እማማ፣ ከቤትዎ ሥር!»

ወደ ሰፈሬ ሰው ዞርኩ። «ካፉሺን የሚያውቅ አለ?»

«የማን ልጅ ነው እሱ?» አለ አንድ ሽማግሌ። ሳቁ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ።

ያኔ ተናገርኩ። ካርታውን፣ እርሳሱን፣ የደበቅሁበትን ሠላሳ ስድስት ዓመት። መዝገቡን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። «ስህተቱ የእኔ ነው። እሱን የተማሩት ግን አርባ አንድ ልጆች ብቻ ናቸው። አንዱ ያውና፣ ከኩባንያው ሰዎች ጋር ተቀምጧል።»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «አቶ ካሉባ፣ የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

ጌርሾም ተነሳ። ልክ እንደ ክፍል፣ እጆቹን ከኋላ አድርጎ። እሳቸውን አላየም።

«አዎ፣ ቲቸር» አለ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 3

ኮሚቴው ረቂቁን መልሶታል። ሁለት መቶው ሜትር ለጊዜው እንዳለ ነው። ኩባንያው እንደገና አቀርባለሁ ብሏል፤ አሁን በራሱ ስም። ያቅርብ። እኔም የትም አልሄድም።

ቤተ መጻሕፍቱ ቀርቷል።

ጠዋት የሙሌንጋ እናት በአጥር ላይ ጮኸች። «ቲቸር! ባልዲ ያውሱኝ፣ ወደ ካፉሺ ልወርድ ነው!» ሰፈሩ ሁሉ አሁን እንደዚህ ነው የሚጠራው። ልጆቹም ጭምር።

ባልዲውን ሰጠኋት። አላረምኳትም።