ከጥድ አፋፍ ዳገት ስለተነሣው እሾህ

ለክቡር የጥድ አፋፍ የእግር ጉዞ መንገድ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ጭቃ ነክቶት የማያውቀው ጫማዎም በደህና እንዲከርሙ ምኞቴ ነው። እኔ ከብልባላ ማዶ ባለው ዳገት እንግዶችን የማወጣ አስጎብኚ ኢያቄም ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ እያፈርኩም ቢሆን፣ ለማመስገን ነው።

፩ኛ. በልግ ሲጥል የመንደሩ እድር፣ ቅሬያችን፣ የዳገቱን መግቢያ በቀጋ እሾህ ይዘጋ ነበር። አፈሩ እስኪጠነክር ሰውም በቅሎም በድንጋያማው መንገድ ይዞራል፤ አንድ ሰዓት ቢረዝምም የሚያጉረመርም አልነበረም። እሾሁ የሚነሣው በቃሬዛ ለሚወርድ ሕመምተኛ ብቻ ነው። ኮሚቴዎ ምክንያቱን አንድ ሽማግሌ እንኳ በመጠየቅ ሳይደክም፣ ልማዱ እንግዳ ያሸሻል ብሎ እሾሁን አስነሥቶ፣ በቦታው «እንኳን ደህና መጡ» የሚል የብረት ሰሌዳ ስላቆመልን ከልብ እናመሰግናለን። ዝናቡም አንብቦት መሰለኝ፣ ዘው ብሎ ገብቷል።

፪ኛ. በመጋቢት ጭቃ በአንድ ቀን አሥራ አራት በቅሎ እንድናወጣ ስለፈቀዱልን ምስጋናችን የላቀ ነው። በቅሎዎቹ የቆፈሩትን ጎርፉ ቦርቡሮት መንገዱ ዛሬ ሰው እስከ ወገቡ የሚውጥ ቦይ ሆኗል። በሪፖርትዎ «የመንገድ ማስፋፋት ሥራ» ተብሎ መስፈሩን ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ ሰፍቷል፤ የአቶ ዘመኑን የገብስ ማሳ ጨምሮ።

፫ኛ. ይህኛውን መጻፍ ይከብደኛል። ባለፈው ሳምንት አገሬ የምትባል ጎረቤታችን ምጥ ይዟት ቅሬው በቃሬዛ ሲያወርዳት፣ ተሸካሚዎቹ ከዚያ ቦይ ውስጥ ተንሸራተቱ። አማቷ አባ ደግሰው ቃሬዛው እንዳይገለበጥ ትከሻቸውን ከሥር ሰጥተው እግራቸው ተሰበረ። አገሬ እዚያው ጭቃው ላይ ተገላገለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። በየዓመቱ ያንን እሾህ ቆርጠው የሚዘጉት እኒሁ አባ ደግሰው ነበሩ።

ልጠይቃቸው ሄድኩ። እሾሁን ማን እንዳነሣው ጠየቁኝ፤ ነፋስ ይሆናል አልኳቸው። ክቡር ሰብሳቢ፣ ትእዛዙ የእርስዎ ነበር፣ እጁ ግን የእኔ ነው። እንግዶቼ እንዳይዘገዩብኝ ቸኩዬ፣ ለምን እንደሚዘጋ ከልጅነቴ ጀምሮ እያወቅሁ፣ ጎትቼ ገደል ጣልኩት። እርስዎስ ባያውቁ ነው። ሽማግሌው አላወቁብኝም፣ ወይም አውቀው ተዉኝ፤ እግራቸው እስኪድን በእሳቸው ፋንታ እኔ እንድዘጋ አደራ ሰጥተው፣ መርቀው ሸኙኝ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። አፍሬ ነው የምጽፍልዎ፤ እርስዎም ጊዜ ባገኙ ቀን ቢያፍሩ፣ ብቻዬን ባልሆንኩ ነበር።

ትእዛዝዎን አንድም ቀን ጠይቆ የማያውቅ፣ በሰሌዳዎ ሥር እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ታላቅ አክብሮቱን የሚያቀርብልዎ፣
ኢያቄም

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ነገ ማለዳ ቀጋ ቆርጬ መንገዱን እዘጋለሁ። ይነሣ የሚሉ ከሆነ አሁን ራስዎ መጥተው ያንሡት። እሾሁ እጅ ይወጋል፤ እኔን ያን ቀን አልወጋኝም፣ ከቢሮዎ የተሰጠኝን ጓንት አጥልቄ ነበርና። ጓንቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ።