የአባቴ ድምፅ፣ አንድ ኪሎባይት

ውድ ሀሩን፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር እንጂ ዋጋህ ጠፍቶኝ አይደለም። አዳማ ላይ ኮምፒውተር ታስተምራለህ አሉ። አላህ ለተማሪዎችህ ይዘንላቸው።

እናቴ ዘይቱና ጆሮዋ እየደከመ ነው። የግራው ጭራሽ አይሰማም። ባለፈው ሳምንት «ቀኙም ሳይዘጋ ያባትህን መንዙማ አሰማኝ» ብላ፣ የአባቴ ሞት ሐዘን እስኪበርድላት ስድስት ዓመት ሳታስከፍት በሻሽ ጠቅልላ ያኖረችውን ሲዲ አወጣችልኝ። ሸዋ ሮቢት ያለውን ሱቅህን ዘግተህ ልትሄድ ስትል ያመጣህልንን። «እትዬ ዘይቱና፣ አሮጌው ተጭሯል፤ አዲስ ላይ ገልብጬልዎታለሁ» ስትላት ግንባርህን ስማ መረቀችህ። ምርቃት ተመላሽ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ በአውቶቡስ አስጭኜ ባስመጣሁት!

እንዳስተማርከኝ አደረግኩ። «የቆየ ሲዲ ዝም ብሎ አይጫወትም፤ መጀመሪያ ሙሉ ቅጂውን አውርድ፣ ከዚያ ቅጂውን መርምር» ትል አልነበር? ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት ከፍቼ አንድ መስመር ጻፍኩ፤ ሲዲው እንዳለ አንድ ፋይል ሆነ። ሌላ መስመር ጽፌ ውስጡን ዘርዝር አልኩት። አስራ አራቱ መንዙማዎች በየስማቸው ተሰለፉ።

«አለ?» አለችኝ እናቴ።

«አለ!»

ከዚያ መጠናቸውን አየሁ። እያንዳንዳቸው አንድ ኪሎባይት። ሀሩን፣ በአንድ ኪሎባይት አባቴ ጉሮሮውን እንኳ አይጠርግም።

የገለበጥከው ሾርትከት ነው። መንዙማው አንተ ኮምፒውተር ውስጥ ቀርቶ፣ ለእኛ «እዚያ ነው ያለው» የሚሉ አስራ አራት ጠቋሚዎች ሰጠኸን። ለተራበ ሰው የምግብ ቤት አድራሻ! ሞክረኸዋል አውቃለሁ፤ በራስህ ኮምፒውተር። እንዴት አይጫወት? ዋናው እዚያው ነበራ። ኮምፒውተሩንም ሸጥከው።

አሮጌውን ሲዲ ፍለጋ የሱቅህን ዕቃ ወደተውክበት፣ ጀውሃ አጎትህ ጋ ሄድኩ።

«የሀሩን ሲዲዎች?» አሉኝ ጋሼ ጣሪቅ፣ «ወፍ ማባረሪያ አድርጌያቸዋለሁ። ሲያብለጨልጩ ብታይ!»

የአባቴ ሲዲ ማሽላው መሃል በሲባጎ ተንጠልጥሎ ይሽከረከራል። «ሼህ ሷሊሕ» ብለህ የጻፍክበት ደብዝዞ ይነበባል።

«ማሽላዬን ወፍ ቢጨርሰው በአንተ ነው፣ ኢልያስ» እያሉ ፈተው ሰጡኝ።

የተበላሸውን እየዘለለ፣ እምቢ ያለውን እየደጋገመ የሚያነብ ትዕዛዝ አለ። ከጠዋት እስከ አስር ሰዓት ለቀቅኩት። አርባ ሰከንድ አተረፈ። ማዳመጫውን በእናቴ ቀኝ ጆሮ ላይ አደረግኩላት። ድቤ ይመታል፣ ሰው ይንጫጫል፣ ከዚያ ድምፁን የምትቀዳው አንተ «ዝም በሉ፣ ሼህ ሷሊሕ ሊጀምሩ ነው!» ትላለህ። አባቴ ትንፋሹን ይስባል። አለቀ።

ከዚያ ሁሉ መንዙማ ለቤታችን የተረፈው ያንተ ጩኸት ነው።

«ትንፋሹ የሱ ነው» አለች እናቴ። «ድገመው።» አስራ አንድ ጊዜ ደገምኩት።

ይቅርታህን አልፈልግም፤ ወረቀትም አታባክን። ኮምፒውተሩን ከአንተ የገዛውን ሰው ስም ብቻ ጻፍልኝ። ካራቆሬም ይሁን ማጀቴ ከተማ ቢኖር፣ እሄዳለሁ። ግን ፍጠን፤ ሐኪሙ ቀኙ ጆሮ እስከ መቼ እንደሚቆይ አልነገረንም።

ይህን ስጽፍልህ እናቴ አጠገቤ ናት። ድምፁ ካለቀ ቆይቷል፤ ማዳመጫውን ግን አላወለቀችም።

ኢልያስ ሷሊሕ