የማን ወገን ነዎት?

እሑድ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አዳማ

ዛሬ ሞጆ ሰርግ ሄጄ ነበር። አዳራሹ በር ላይ የቆመችው ልጅ፣ «አባባ፣ የወንድ ወገን ነዎት የሴት?» አለችኝ። ሙሽራውንም ሙሽሪትንም ባዮሎጂ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። አንድ የጥናት ግሩፕ ውስጥ የመደብኳቸውም እኔው ነኝ። ይህን ላስረዳት ስንተባተብ ከኋላዬ ሰው ተሰለፈ። ጥግ ወዳለው ጠረጴዛ ወሰደችኝ። ባለቤቴ በሕይወት ብትኖር «የሴት ነን!» ብላ ከፊት ታስቀምጠኝ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ የሙሽሮቹ መኪና ሾፌርና የጄኔሬተሩ ሰውዬ ነበሩ። ሾፌሩን «አንተስ የማን ወገን ነህ?» አልኩት።

«እኔ የመኪናው ወገን ነኝ፣ አባቴ።»

ሳቅን።

ፎቶ ተጀመረ። «የሙሽራው ቤተሰብ! የሙሽሪት ቤተሰብ! ጓደኞች! የመሥሪያ ቤት!» እያሉ ተራ በተራ ጠሩ። የኮቴን ቁልፍ ቆልፌ ጠበቅሁ። አስተማሪ ብሎ የጠራ የለም።

ነገ ዘጠነኛ ክፍል ስለ ሕያዋን አመዳደብ አስተምራለሁ። ዕፅዋት፣ እንስሳት፣ ፈንገሶች እያልኩ ፕሮቲስታ የሚባሉት ፍጥረታት ላይ ስደርስ የቆየች ቀልድ አለችኝ። «እነዚህ እንኳ ዝምድና የላቸውም፤ የሚያስገባቸው ቤት ስለጠፋ አንድ ላይ የተቀመጡ ናቸው» ስል ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ነገ ልተዋት ይሆን?

ሙሽሪት ያኔ ተማሪዬ ሳለች፣ በዚህችው ቀልድ የዛሬው ሙሽራ ትከሻ ላይ ተደፍታ ስትስቅ ትዝ ይለኛል።