የሰልባትዮው ውታፍ

ይድረስ ለአባቴ፣ አላህ ይዘንለትና

አባዬ፣ ከተለየኸን ስምንት ወር አለፈ። ወዴት እንደምልከው ባላውቅም አሰላሙ አለይኩም። ይህን የምጽፍልህ ተናድጄ ነው። በወንድምህ በሸምሱ ተናድጃለሁ፣ በሽማግሌዎቹ ተናድጃለሁ፤ አትቆጣኝና በአንተም ትንሽ ተናድጃለሁ።

እማዬ ደህና ናት። ኮትህን ግን እስካሁን ከምስማሩ ላይ አላወረደችም። የጓሮውን እንሰት ፍቀን ቃጫውን አድርቀናል፤ ስለ ቃጫው ኋላ እነግርሃለሁ።

ደህና ያልነበረችው መኪናህ ናት። ከቀብርህ ስንመለስ ቁልፉን አጎቴ ወሰደ። ወንድ ልጅ አይደለሁምና ማንም አልጠየቀኝም። አሥራ ሁለተኛን መጨረሴን፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ከአንተ ጋር ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብዬ ማደጌን ማንም አላነሳም። ጆሮሽን ስጫት፣ የሚያማትን ራሷ ትነግርሻለች ትለኝ ነበር። እኔም በመጀመሪያው ሳምንት የቤንዚን ማጣሪያዋን አጥቤ መለስኩላት።

ብዙም ሳይቆይ ወደ ቆላው፣ ወደ ቆሼ ገበያ ስትሄድ መንገድ ላይ ጉልበት ታጣ ጀመር። ታስላለች፣ ትቆማለች። ሩብ ሰዓት አርፋ ስትነሳ ደግሞ ምንም ያልነካት ትመስላለች። አጎቴ በሰው ፊት፣ «የሴት እጅ ከገባባት ወዲህ እኮ ነው!» አለ። ወሬው ቡታጅራን አዳረሰ። ውሃ ልቀዳ ስሄድ እንኳ፣ «መካኒኳ መጣች፣ ባልዲያችሁን ደብቁ፣ ትፈታባችኋለች!» እያሉ ሳቁብኝ።

ቤንዚን የሚስበው ፖምፓ ሁለት ጊዜ ተለወጠ። ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ አጎቴ ለአንድ የወልቂጤ ነጋዴ ሊሸጣት ተስማማ። ብትሸጥ ኖሮ፣ የአባቷን መኪና ያበላሸች ተብዬ ዕድሜዬን እኖር ነበር። ስለዚህ ሽያጩን ለመምከር የተቀመጡት የሰፈር ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ፣ ሕመሟን የምፈልግበት አንድ ጉዞ ብቻ ለመንኩ። አይ፣ አልለመንኩም፤ ጠየቅሁ። ኮፈኑን እንዳልነካ አስጠንቅቀው ፈቀዱልኝ።

ከአዲስ አበባ ያመጣኸውን የግፊት መለኪያ በጨርቅ ጠቅልዬ ሄድኩ። አጎቴ ከወልቂጤ ያስመጣው መካኒክ ጋሽ ተፈራ በረጅም ጎማ ከፖምፓው ጋር አገናኝቶ፣ ከፊት መስታወቱ ውጪ አሰረልኝ። አጎቴ ነዳ፣ እኔ መሐል ተቀምጬ ዓይኔን ከመለኪያው አልነቀልኩም። ከከተማ ስንወጣ ጠቋሚዋ ሦስት ላይ ነበረች። ቆላው ሲጀምር ተንቀጠቀጠች፤ ሁለት፣ ሁለት ተኩል፣ እንደገና ሁለት፣ ከዚያ አንድ። ሞተሩ ሊጠፋ ሲንገዳገድ መንገድ ዳር ያዝን። አጎቴ እንዳይጠፋበት ቤንዚን እየረገጠ ቆየ።

«ፖምፓ ነው» አለ ጋሽ ተፈራ።

«ሦስተኛ ፖምፓ?» አልኩት።

«ልጄ፣ አንቺ ደብተርሽን ያዢ።»

እንዴት እንደተንገበገብኩ! የተበላሸ ፖምፓ ሩብ ሰዓት አርፎ አይድንም። ሙቀት ይሆናል ብዬ ቧንቧው ላይ እርጥብ ጨርቅ አስደረግሁ፤ ጠቋሚዋ ንቅንቅ አላለችም። እንግዲያው ቤንዚኑን ከኋላ የሚይዘው ነገር አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ የእማዬ መርፌ ትዝ አለኝ።

በየገበያው ዋዜማ፣ የእናትሽን መርፌ አምጪ ትለኝና የቤንዚን መያዣውን፣ የሰልባትዮውን ክዳን ፈትተህ፣ መሐሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ትጠርግ ነበር። ካንዴላውን፣ ካርቡሬተሩን፣ እያንዳንዷን ብሎን ስታስተምረኝ ስለዚያች ቀዳዳ አንድ ቃል አልተናገርክም። እኔም ሁሉን የምጠይቀው ልጅህ አልጠየቅሁህም። የተናደድኩብህ ለዚህ ነው።

ያንን ክዳን አጎቴ ቁልፉን በወሰደ ሰሞን መንገድ ላይ ጥሎት ነበር። በምትኩ ከእንጨት ውታፍ ጠረበ፤ ቃጫ ተጠምጥሞበት፣ ሰም ተቀብቶ አፉ ተደፈነ። «ጠብታ አታፈስም!» እያለ ላገኘው ሁሉ ያሳይ ነበር። እውነቱን ነው፤ ጠብታ አላፈሰሰችም። አየርም አላስገባችም። ቤንዚኑ ሲጎድል በቦታው የሚገባ አየር ከሌለ ፖምፓው ምኑን ይሳብ? ስታርፍ በቃጫው መሐል ጥቂት አየር ይሾልክላታል፤ መዳኗ እሱ ነበር።

ኮፈኑን እንጂ ሰልባትዮውን አትንኪ ያለኝ የለም። ወርጄ ውታፉን በፒንሳ ጠምዝዤ ነቀልኩት። ውሃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ እንዳለ ሰው አየሩን ሳበችው። ጋሽ ተፈራ ከፊት ሆኖ፣ «ሦስት! ሦስት ገባች!» ብሎ ጮኸ። የሞተሩ ድምፅ አንተ ስትነዳት እንደነበረው ሆነ። አለቀስኩ፤ ፊቴን ግን አላሳየኋቸውም።

አባዬ፣ ላንተ አልዋሽም። ያንን ቃጫ የጠመጠምኩት እኔ ነኝ። አጎቴ ጠርቦ ሰጠኝ፣ አጥብቂው አለኝ፣ አጠበቅሁት። ስንመለስ ሽማግሌዎቹ ፊትም ማንም ሳያስገድደኝ ራሴ ተናገርኩ። አጎቴ ጭኑን መትቶ ሳቀ።

«አላልኳችሁም? የሴት እጅ!»

«አዎ፣ የኔ እጅ ነው» አልኩ፤ «የጠመጠመውም የነቀለውም። የጠረበውን እጅ ግን ማን ያንሳው?»

ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ከዚያ ፈረዱ፤ መኪናዋ አትሸጥም፣ ቁልፉ እማዬ ዘንድ ይቀመጣል፣ የሚነዳት አጎቴ ነው። እኔ ጥፋት የለብኝም ተባለ፤ ኮፈን መክፈት ግን ለሴት ልጅ አያምርም ተብሎ ተጨመረበት። ጥፋት ከሌለብኝ እጄን የሚያስሩት ለምንድን ነው? አንተ ብትኖር ይህን ፊት ለፊት ይሉኝ ነበር?

እማዬ ቁልፉን ተቀበለች። እኔ እያየኋት ኮትህ ኪስ ውስጥ ከተተችውና መርፌዋን እጄ ላይ አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች።

ውታፉን በጋለ ምስማር በስቼዋለሁ። በየገበያው ዋዜማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየኝ ቀዳዳዋን እጠርጋለሁ። ምን ታደርጊያለሽ ብላ የምትጠይቀኝ ብትኖር፣ ሕፃን ልጅም ብትሆን፣ ለምን እንደሆነ አስረዳታለሁ። አንተ ሳትነግረኝ የሄድከውን እኔ ሳልናገር አልሄድም። አባዬ፣ እስካለሁ ድረስ የማስታውስህ እንዲህ ነው።

ልጅህ ሙኒራ
ቡታጅራ