አባባ በጵጵስና ሲሾሙ

ለውድ ወንድሜ ባድሊ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? የወደብ ሥራው ወገብህን አልጎዳውም? ባለቤትህ እትዬ ሊቲያስ እንዴት ናት? ትንሿ ኔስታ ጥርስ አወጣች ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእማማ ጉልበት እንኳ፣ ከደስታ ነው መሰለኝ፣ ሰሞኑን ተሽሏታል።

በሬዲዮ ሰምተህ ይሆናል፤ ቢሆንም ከእኔ ስማው። አባባ ባለፈው እሑድ ጳጳስ ሆኑ! ታንኳ ጠራቢው፣ በሠላሳ ሁለት ዓመታቸው እኔንና አንተን ይዘው የካህናት ኮሌጅ የገቡት፣ ከክፍሉ መጨረሻ ይወጡ የነበሩት አባታችን! እማማም በቤተ ክርስቲያናችን ደንብ የጳጳስ ሚስት ተባለች፤ የወርቅ ጥልፉን ካባ አገላብጣ አይታ «ይኼን ደግሞ ማን ሊያጥበው ነው?» ብትል ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ሞላ።

ምርጫው ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። አባባ በጉባኤው ፊት ቆመው «አንድ ጆሮዬ አይሰማም። ሕዝቡን የማይሰማ ጳጳስ ምን ይረባል? ሌላ ፈልጉ» ብለው እምቢ አሉ። ይኼኔ የሌጉ መንደር አለቃ፣ ሽማግሌው ሃጳ፣ ከኋላ ተነሡ። «ያን ጆሮ ያደነቆርኩት እኔ ነኝ» አሉ።

እኛስ ስንጠይቃቸው «ስጠልቅ ውኃ ገብቶበት ነው» አልነበር የሚሉን? ለካ አንተ ሆኒያራ ከተማ ተማሪ ሳለህ፣ እኛና ሌጉዎች በዓሣ ማጥመጃው ቦታ በተጣላን ጊዜ፣ ሁለቱም ወገን ጦር ይዞ በታንኳ ሲወጣ፣ አባባ ብቻቸውን ቀዝፈው መሐል ገብተዋል። ሃጳ የወረወሩት ድንጋይ ጆሯቸውን መታው። አባባ ግን ደሙን በእጃቸው ሸፍነው ወደኛ ሰዎች ዞረው «የገዛ መቅዘፊያዬ ነው የመታኝ። ምን ታፈጣላችሁ? ወደ ቤታችሁ!» አሉ። «እውነቱን ተናግረው ቢሆን» አሉ ሃጳ፣ «ዛሬ እኔም የለሁ፣ ልጆቼም የሉ። ሰው የሚሰማው በጆሮ ብቻ ነው እንዴ?» ከዚያ በኋላ አባባን እሺታ የጠየቀ የለም፤ እጅ ሁሉ ወጣ።

የመጀመሪያ ጉብኝታቸው ትናንት ወደ ሌጉ ነበር፤ የታንኳዋን ሞተር የያዝኩት እኔ ነኝ። ዳርቻው ሳንደርስ ሰዉ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ጠበቀን፤ ታንኳዋን ከነእኛ ብድግ አድርጎ በትከሻው ተሸከማት። አባባ «ኧረ አውርዱኝ! እግር አለኝ!» እያሉ ይጮኻሉ። ከሥር ሃጳ፣ በዚያ ዕድሜያቸው ትከሻቸውን ሰጥተው፣ «ዝም ብለው ይቀመጡ አባታችን፣ ዛሬ የሚታዘዝልዎት የለም!» አሉ። አባባ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ፊታቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። ባድሊ፣ አባታችን ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር።

እማማ ኔስታን ዓይኗን ሳምልኝ ብላለች። አክስት ሂልዳ ለእትዬ ሊቲያ ምንጣፍ ሠርታ ጨርሳለች። አባባ በረከታቸውን ልከውልሃል፤ አንተም ጸልይላቸው ብለዋል።

የምትወድህ እህትህ ሮዳ

ፋራቡ መንደር፣ ሰሎሞን ደሴቶች
ሰኔ 12 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.