አባዬ፣ ሥራህን ቤተ መዘክር ውስጥ አየሁት

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላህ ጥቂት ሳምንታት ቀሩ። ለእኔ ግን መለያየታችን ከዚያም ይቀድማል፤ ቦሌ ላይ ግንባሬን ስመህ «ብርድ እንዳይመታሽ፣ ልጄ» ያልከኝ ዕለት ነው።

አስቀድሜ የምሥራች ልንገርህ። ለብሔራዊ ውትድርና የወሰዱት ወንድሜ ቴዎድሮስ ተመልሷል። ትንሽ ያነክሳል አለች እማዬ፣ ግን ቤቱ ገብቷል፤ ያንተ አልጋ ላይ ነው የሚተኛው። እሷም ከእሱ ጋር እህል መቅመስ ጀምራለች። በር በሩን ስታይ እንደሞትክ ስለማውቅ ነው ከሁሉ በፊት ይህን የነገርኩህ።

እኔ አሁንም ሮማ፣ እዚያው አሠሪዬ ሲኞራ ቤት ነኝ። መርዶህን የነገሩኝ ሐሙስ፣ በዕረፍቴ ቀን፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ጓደኛዬ ቤት ነው። ያገሬ ልጆች አብረውኝ አለቀሱ፤ ሲመሽ ግን ሁላችንም ወደየአሠሪዎቻችን መመለስ ነበረብን። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ገና አልታደሰም ነበር፤ ለለቅሶህ ብመጣ ወደ ሮማ የሚመልሰኝ ወረቀት አልነበረኝም። ለሲኞራ ምንም አልነገርኳቸውም። ቋንቋው ጠፍቶኝ አይደለም፤ በጣሊያንኛ ሞተ ካልኩ ደግመህ የምትሞት መሰለኝ።

ባለፈው ሳምንት ሲኞራ ለጉልበታቸው ፍል ውሃ ሊገቡ፣ ከሮማ በስተሰሜን ወዳለች ትንሽ ከተማ ይዘውኝ ሄዱ። ተራችን እስኪደርስ ብለን ወጣ ስንል ዝናብ ያዘን። የተጠለልንበት ቤት የከተማይቱ ቤተ መዘክር ሆነ፤ ሁለት ክፍል ብቻ ናት። ጠባቂዋ ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው፤ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ።

ምን አየሁ መሰለህ! ዘውድ የለ፣ ጎራዴ የለ። የመዳብ ባልዲ፣ የእንጨት ጫማ፣ የመታጠቢያ ክፍል ቁልፍ ከነቁጥሩ፣ ከእጥበት ብዛት የሳሳ ፎጣ፣ ሁሉም በመስታወት ውስጥ። ያንተ ዕቃዎች፣ አባዬ! ግድግዳው ላይ ደግሞ የድሮዎቹ የፍል ውሃ ሠራተኞች ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ሽርጥ አገልድመው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ፎጣ በክንዳቸው ጣል አድርገው ቆመዋል። ስማቸው ከሥር ተጽፏል።

የአዲስ አበባው ፍል ውሃ ፊቴ መጣ። ምሳህን ይዤልህ ስመጣ በእንፋሎቱ መሀል ተራ ስትጠራ ድምፅህን ነበር መጀመሪያ የማገኘው። ውሃው ሰው እንዳያቃጥል በክርንህ ትለካ ነበር። መራመድ ያቃታቸውን ሽማግሌ ማንም ሳያዝህ አዝለህ ስታስገባ፣ እሳቸው ሲመርቁህ፣ አንተ አፍረህ «ኧረ ምን አደረግሁ» ስትል አስታውሳለሁ። ማታ ቤት ስትገባ ጣቶችህ ከውሃው ብዛት ተጨማደው፣ ሳሙና ሳሙና ትሸተኝ ነበር።

ጠባቂዋ ሹራባቸውን አስቀምጠው መጡና ከሰዎቹ አንዱን በጣታቸው አሳዩኝ።

«ይሄ አባቴ ነው።»

«የኔም አባት ሥራው ይኸው ነበር» አልኩ።

ሲኞራ ዞር ብለው አዩኝ። «ነበር? ነበር ነው ያልሽው?»

ያን ሁሉ ወር አምቄ የያዝኩት ለቅሶ ፈነቀለኝ፤ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ጠባቂዋ የውጪውን በር ዘግተው ወንበር አመጡልን። ሲኞራ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጄን ያዙ። ከዚያ በፊት እጄን ይዘውኝ አያውቁም።

«አሎራ፣ እስቲ ንገሪን» አሉኝ። «ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

ነገርኳቸው። ቃል ሲጠፋኝ በአማርኛ እሞላዋለሁ፤ ማንም አላቋረጠኝም። የፍል ውሃ ተራችን አለፈ፣ ሲኞራ አንድም ጊዜ አላነሱትም። አገር ቤት ድንኳን ተጥሎ፣ ዕድርተኛው ተሰብስቦ አልቅሶልሃል። እኔ እስኪወጣልኝ ያለቀስኩልህ ግን እዚያ ነው፣ በሁለት የሰው አገር አሮጊቶች መሀል። ቀለል አለኝ፣ አባዬ።

ሙት ዓመትህን እዚሁ አወጣለሁ። ካህኑ በክርስትና ስምህ ይጠሩሃል፣ ጓደኞቼም ይመጣሉ። ሲኞራም እመጣለሁ ብለዋል። ትናንት ወጥ ቤት ቆመው ስምህን እንዳስጠናቸው ጠየቁኝ። «አብቴ» ይላሉ፤ «ሀ» አትወጣላቸውም። «ሀብቴ» እላቸዋለሁ፣ እንደገና ይሞክራሉ። ትርጉሙ ምንድነው ቢሉኝ፣ «የኔ ሀብት ማለት ነው» አልኳቸው።

እኔ በሕይወት እስካለሁ ስምህ ከአፌ አይጠፋም። በዚህ በሰው አገርም ከእኔ ሌላ የሚጠራህ ሰው አግኝቼልሃለሁ።

ልጅህ አልማዝ