ፈረሷ የሰማችው ቃል

ውድ እታለም፣

ቅዳሜ ስልኩ ሲቋረጥብሽ ኔትወርክ ነው ብለሽ ትተሽው ይሆናል። እውነትም ኔትወርክ ነው። ግን ከተቋረጠ በኋላ አንድ ቃል ተናግሬያለሁ። አንቺ አልሰማሽኝም፤ ፈረስ ሰማችኝ። መዘዙን ልንገርሽ።

እማዬ አልጋ ከያዘች ወዲህ ከቤት የምወጣው ቅዳሜ ብቻ መሆኑን ታውቂያለሽ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ጥልፏን ይዛ መጥታ አጠገቧ ትቀመጥልኛለች። እኔ ደግሞ ጫካ እሄዳለሁ፤ ዝናብ የበላውን የእግር መንገድ ከሚጠግኑት በጎ ፈቃደኞች ጋር። መኪና ስለማይገባ ጠጠሩንና ሳንቃውን የሚሸከሙልን ፈረሶች ናቸው። «ሳምንቱን ሙሉ እማዬን ስታገላብጪ ከርመሽ፣ በዕረፍትሽ ደግሞ ድንጋይ?» ብለሽ ስቀሽብኛል። ምን ላድርግ፣ እዚያ የጠገንኩት እንደተጠገነ ይቆየኛላ! እቤት የቀየርኩት አንሶላ ምሳ ሰዓት እንኳ አይደርስ።

የፈረሶቹን ባለቤት «ሻምበል» ነው የምንላቸው። ወታደር ሆነው አያውቁም፤ ትእዛዝ ስለሚወዱ ነው። የመጀመሪያው ቀን፣ «እዚህ ‹በቃ› የሚባል ቃል የለም» አሉን። «መሪዋ ባዝራ እሱን ከሰማች ትቆማለች። ጭነቷ ካልወረደላት ንቅንቅ የለም።» ይኸው በዚህ ጦስ ምሳ ሲታደል «በቃኝ» የሚል የለም፤ «ሞላ! ሞላ!» እያልን እንጯጯሃለን። እኔ አልተቸገርኩም። ቃሉን እቤት ድሮ ነው የተውኩት።

ቅዳሜ ታዲያ ገደሉን ታኮ በሚሄደው ቀጭን መንገድ መሪዋን እየሳብኩ ነበር። ሌሎቹ ፈረሶች ከኋላ ተከታትለዋል። እዚያ ላይ መዞር የለም፣ ወደ ኋላ ማለትም የለም። ስልኬ ጮኸ፤ አንቺ ነሽ። «ዘንድሮም የምመጣ አይመስለኝም፤ ደግነቱ አንቺ አለሽላት» አልሽኝ። ሳልመልስልሽ ተቋረጠ። እኔም ለድንጋዩ ይሁን ለሰማዩ እንጃ፣ «ኧረ በቃኝ!» አልኩ።

ባዝራዋ ቀጥ።

«ማናት?» አሉ ሻምበል ከኋላ።

«እኔ ነኝ።»

«ምን በልተሽ ነው የጠገብሽው?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ዓይኔ ጭነቷ ላይ ነበር። ጭነት የሚወርደው በሁለት ሰው ነው፣ ግራና ቀኝ እኩል። ባንድ በኩል ብቻ ከወረደ ኮርቻው ይዞርና ፈረሷን ይዟት ይወድቃል። በግራዋ ደግሞ ገደል ነው፤ ሰው አይቆምበትም።

ሻምበል ቋጥኙን እየታከኩ መጡና በሆዷ ስር እጃቸውን ሰደው የገደሉን በኩል ጆንያ በቢላ ቀደዱት። «እኔ ሳፈስ አንቺ ከበኩልሽ ዝቂ! እኩል! እንዳትቀድሚኝ!» ጠጠሩ ወደ ገደል ይንሿሿል፣ እኔ በእጄ እዝቃለሁ፣ ጥፍሬ ይደማል። ከወንዝ ስንለቅም የከረምነው ጠጠር ያንለታ አፈር በላ። ሁለቱም ጆንያ ባዶ ሲሆን ባዝራዋ ረጅም ትንፋሽ አወጣችና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዷን ቀጠለች። ቀናሁባት፣ እውነቴን ነው።

እቤት ስገባ እማዬ ጣቶቼን አየች። ምን ሆንሽ ስትለኝ ሁሉንም ነገርኳት። ሳቀች፣ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ። ከዚያ ጣቶቼን እንደገና አየችና፣

«ታዲያ እኔ ጠጠር ነኝ?» አለችኝ።

እታለም፣ «ሾርባው እንዳያርብኝ» ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ። ሾርባ አልጣድኩም ነበር።

መልሱ የመጣልኝ ዛሬ ነው፣ ብቻዬን ሳገላብጣት። አልጋዋ ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ አይደል? በዚያ ጎን ሰው ቆሞ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ካንድ በኩል ነው የማነሳት። ጠጠር ብትሆንማ ጆንያውን ቀድጄ እገላገል ነበር። እናት ናት፤ ግራና ቀኝ ተይዛ ነው የምትነሳው። ተነሳሁና አልጋውን ከግድግዳው ሳብኩት። አሁን በወዲያ በኩል ለአንድ ሰው መቆሚያ አለ።

ይኸው ደግሞ እየጠራችኝ ነው። የምትጠራኝ ባንቺ ስም ነው፤ እኔም «አቤት» ነው የምላት። አትደውዪልኝ። ነይ።

ከቆመችበት ያልተንቀሳቀሰችው፣
እህትሽ